አዲስ የፓርላማ አባል የመጀመሪያ ዓመቱን እንዴት ይሥራው? ከኮሚቴ ጠረጴዛ ያየሁት

ቃለ መሐላው አልቆ፣ ፎቶው ተነስቶ፣ ዘመድ አዝማድ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ከተበተነ በኋላ አዲስ አባል ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፣ "እሺ ነገ ጠዋት ገብቼ ምንድነው የምሠራው?" እኔ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ቋሚ ኮሚቴ ስር ባለሙያ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፣ ሪፖርት አርቅቄያለሁ፣ ማታ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ቆሜ ሰነድ አባዝቻለሁ፣ እና ጎበዝ የሚባለውን አባል ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ በቅርብ አይቼዋለሁ። ወረቀቱን አንብቦ ነው የሚመጣው፣ በቃ። ንግግር የሚያውቅ ብዙ ነው፣ ወረቀቱን አንብቦ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው፣ ሚኒስትር የሚፈራውም እሱን ነው።

ስለዚህ አሁን የተመረጣችሁ ወይ ለመመረጥ የምታስቡ ካላችሁ፣ ወይ ደግሞ የመረጣችሁት ሰው እዛ ገብቶ ምን መሥራት እንዳለበት ማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጀምረው።

መጀመሪያ ካላንደሩን ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው ይላል፣ በመሃል የ1 ወር እረፍት አለ። የመክፈቻው ቀን ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በጋራ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን የዓመቱን አቅጣጫ ይናገራሉ፣ ከዚያ ቀጥሎ በንግግሩ ላይ የድጋፍ ሞሽን (ምክር ቤቱ ንግግሩን የሚደግፍበት የውሳኔ ሃሳብ) ይቀርባል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መጥተው ጥያቄ የሚመልሱት በዚያ ሰሞን ነው። መደበኛ ስብሰባ በአብዛኛው ማክሰኞና ሐሙስ ስለሆነ የኮሚቴው ሥራ በሌሎቹ ቀኖች ይገባል፣ ይሄን ያላወቀ አዲስ አባል ሰኞ ትርፍ ቀን ይመስለውና ወደ ክልሉ ሄዶ ይቀራል።

ካላንደሩ ላይ በቀይ የምታከብቡት ወር ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ስለዚህ የዓመቱ በጀት፣ የተንጠለጠሉ ረቂቅ አዋጆች፣ የመሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ሁሉም ተግተልትሎ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሰኔ ላይ ማንበብ የጀመረ ሰው አይደርስም፣ የ2018ቱ የፌዴራል በጀት ብቻ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፣ ያን ሁሉ ቁጥር በሁለት ማታ ማን ያነበዋል? እናንተ ከግንቦት ጀምሩ።

ሁለት ሰነድ ከቦርሳችሁ አይጥፋ

አንደኛው ሕገ መንግሥቱ ነው፣ በተለይ ከአንቀጽ 53 እስከ 60 ያለው። ሁለተኛው የምክር ቤቱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ነው፣ ማን መቼ እንደሚናገር፣ አጀንዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ እንዴት እንደሚነሳ ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጣችሁ ጨርሱት።

ከሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 54ን ደጋግማችሁ አንብቡት። አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ምክር ቤት ውስጥ በሰጣችሁት ድምፅ ወይም አስተያየት አትከሰሱም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድባችሁም ይላል። ከዚያው ወረድ ብሎ ደግሞ መራጩ አመኔታ ካጣባችሁ በሕግ መሠረት ከአባልነት ልትወገዱ እንደምትችሉ ተጽፏል። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። በፓርቲ ትኬት የገባችሁ ከሆነ የፓርቲ ስብሰባ አለ፣ አቋም ተይዞ ይመጣል፣ ይሄ የትም አገር ያለ ነው፣ ግን ክርክራችሁን እዛ ስብሰባ ላይ አድርጉት፣ ምክንያታችሁን በወረቀት ይዛችሁ ግቡ፣ ምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ በሆድ ማጉረምረም ለማንም አይጠቅምም።

ከቋሚ ኮሚቴያችሁ ጋር ተጣበቁ

ሰው በቴሌቪዥን የሚያየው ትልቁን አዳራሽ ነው፣ ሕግ የሚበጠረው ግን ትንሿ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የተመደባችሁበትን ኮሚቴ ስትሰሙ ቅር አይበላችሁ፣ ጤና የተማረች ሰው ትራንስፖርት ላይ ልትመደብ ትችላለች፣ ያጋጥማል። መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ኮሚቴው የሚከታተላቸውን ተጠሪ መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር መጠየቅ ነው፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ውስጡ የሚገባው ማቋቋሚያ አዋጁ ወይም ደንቡ፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ ያለፈው ዓመት ሪፖርት እና የመጨረሻው የኦዲት ግኝት ነው። ከኮሚቴው ባለሙያዎች ጋርም ተግባቡ፣ እንደ መልእክተኛ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ አናግሯቸው፣ ያለፈው ኮሚቴ ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ረቂቅ አዋጅ እንዴት ይነበባል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። ረቂቁ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው አስረጂ፣ ማለትም ረቂቁን ካዘጋጀው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰው፣ ጠርቶ ይጠይቃል፣ ባለድርሻ አካላት የሚገኙበት ይፋዊ መድረክ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሃሳብ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ከፀደቀ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፣ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበትም ሕግ ሆኖ ይወጣል፣ ይሄም አንቀጽ 57 ላይ ያለ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ እናንተ አንድ አንቀጽ ማስተካከል የምትችሉት በአብዛኛው ኮሚቴ ላይ እያለ ነው፣ ካመለጣችሁ አመለጣችሁ።

ረቂቁ እጃችሁ ሲገባ ማብራሪያውን አታስቀድሙ። ማብራሪያውን የጻፈው ረቂቁን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ስለሆነ መጥፎ ጎኑን አይነግራችሁም። መጀመሪያ ራሱን ረቂቁን አንብቡ፣ ማሻሻያ ከሆነ ደግሞ የሚሻሻለውን አሮጌ አዋጅ ጎን ለጎን ዘርጉ፣ "አንቀጽ እንትን ንዑስ አንቀጽ እንትን ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢነበብ ምንም አይናገርም።

ለምሳሌ የገቢ ግብር አዋጁን ውሰዱ፣ ቁጥር 979/2008፣ በ2017 ተሻሻለ። በአሮጌው የወር ደሞዝ ላይ ግብር የማይከፈልበት እስከ 600 ብር ነበር፣ በማሻሻያው 2,000 ብር ሆነ፣ ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምርበትም ከ10,900 ብር በላይ የነበረው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። እሺ፣ ይሄን አነበባችሁ፣ አሁን ካልኩሌተር አውጡና በምርጫ ክልላችሁ የምታውቁትን አንድ ሰው አስቡ፣ 10,000 ብር የሚከፈለው አስተማሪ በሉት። በድሮው ስሌት 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር፣ በአዲሱ 1,650 ብር፣ ስለዚህ በወር 395 ብር ቀረለት ማለት ነው። ቀጥሎ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ 395 ብር ዛሬ ገበያ ላይ ምን ይገዛል፣ 600 ብር በወጣበት ዘመን የነበረው ኑሮና የአሁኑ ኑሮ ሲነጻጸር 2,000 በቂ ነው ወይ? አያችሁ፣ ጥያቄው ራሱ መጣ፣ ማንም ሳይጽፍላችሁ። ማንኛውም ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ እንዲህ አንድ ሰው ላይ አስሉት፣ ገበሬ ይሁን፣ ባጃጅ ነጂ ይሁን፣ የግል ክሊኒክ ያላት ነርስ ትሁን።

ሁለተኛው ነገር ቃል ነው። የነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ግን ገዢው አማርኛው ነው፣ ስለዚህ አማርኛው ላይ ያለች እያንዳንዷ ግስ ክብደት አላት። አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከገጠር ምርጫ ክልል የመጣች፣ ለረጅም ጊዜ አስተማሪ የነበረች አዲስ አባል ነበረች፣ ሦስት ወር ሙሉ ብዙ ስትናገር አልሰማኋትም፣ ረቂቁን ግን በሦስት ቀለም እስክርቢቶ ነበር የምታሰምረው፣ ሰማያዊ ያልገባት፣ አረንጓዴ የወደደችው፣ ቀይ የምትቃወመው። ታዲያ አስረጂዎቹ ተሰብስበው እያለ እጇን አወጣችና "ይሄ አንቀጽ ላይ ባለሥልጣኑ ለአቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይችላል ነው የሚለው፣ ይችላል ማለት ባይሰጥም ይችላል ማለት ነው ወይ?" አለች። ክፍሉ ዝም አለ። አስረጂው ወረቀቱን አገላበጠ፣ አጠገቡ ያለውን አማከረ፣ በመጨረሻ "ሃሳባችን መስጠት አለበት ለማለት ነው" አለ። "እንግዲያው እንደዛ ይጻፍ" አለች፣ ተጻፈ። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ስንት ሰው በየቢሮው ደጅ ከመጥናት ተረፈ።

ስለዚህ ቀይ እስክርቢቶ ይዛችሁ እነዚህን ፈልጉ፦ "ይችላል" የሚሉ ቦታዎች፣ "ዝርዝሩ በደንብ ወይም በመመሪያ ይወሰናል" የሚሉ ቦታዎች፣ የቅጣት ቁጥሮች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች (ከአሮጌው ሕግ ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚታለፍ የሚሉት) እና መጨረሻ ላይ የሚሻሩ ሕጎች ዝርዝር። ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል ሲባል ያን ጉዳይ እናንተ አትወስኑትም ማለት ነው፣ ለመሥሪያ ቤቱ አሳልፋችሁ ሰጣችሁት፣ ልክ ሊሆን ይችላል ግን እያወቃችሁ ስጡት። መመሪያ እንዴት እንደሚወጣ የሚደነግግ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ፣ እሱንም ፎልደራችሁ ውስጥ ጨምሩት፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው።

ይፋዊ መድረኩ ላይ ደግሞ ተገኙ፣ ኧረ በናታችሁ ተገኙ። የንግድ ምክር ቤት ሰው፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ ጠበቃ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሰው ሥራውን ትቶ ይመጣል፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲያየው ምን ይሰማዋል? የሚሉትን በሙሉ ጻፉ፣ ስልካቸውን ተቀበሉ፣ ከእነሱ የሚሰማው ማብራሪያው ውስጥ የሌለው ነው።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ መናገር

ጥያቄው የሚቀርበው ተራ በተራ ነው፣ መልሱ የሚሰጠው ግን አንድ ላይ ነው፣ በተለይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲመጡ። ስለዚህ አራት ነገር አንድ ላይ አጭቃችሁ ከጠየቃችሁ የሚመለሰው ቀላሉ ይሆናል፣ ሦስቱ ይቀራሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ" ካላችሁ በኋላ ረጅም መግቢያ አያስፈልግም፣ ቁጥሩን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን ጥሩና ጠይቁ።

እንዲህ ብላችሁ አትጠይቁ፦ "በመንገድ ዙሪያ ሕዝባችን ብዙ ቅሬታ አለው፣ መንግሥት ምን እየሠራ ነው?" የዚህ መልስ "እየሠራን ነው" ነው። እንዲህ በሉ፦ "ውሉ የተፈረመበት፣ ይጠናቀቃል የተባለበት ጊዜ ያለፈ፣ አሁን ተቋራጩ ጥሎት የወጣ መንገድ በምርጫ ክልሌ አለ፣ ውሉ ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም፣ ከተቋረጠ ቀሪው ሥራ በዚህ ዓመት በጀት ተይዞለታል ወይ?" የመንገዱን ስምና ኪሎ ሜትር ጨምራችሁ። አዎ ወይ አይደለም የሚባልበት ጥያቄ ለመሸሽ ከባድ ነው። ማታ ቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡትና በስልክ ሰዓት ያዙ፣ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት።

ድምፅ ስትሰጡ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ነው ያለው። ውሳኔ ለማሳለፍ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት፣ የሚያልፈው በአብላጫ ድምፅ ነው። ዜና ላይ "በአብላጫ ድምፅ ፀደቀ" ተብሎ ያልፋል፣ እናንተ ግን በየትኛው አዋጅ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጣችሁና ለምን እንደሰጣችሁ በአንድ ደብተር ጻፉ፣ ቀን፣ የአዋጁ ስም፣ ድምፅ፣ ሁለት መስመር ምክንያት። መራጭ አንድ ቀን ይጠይቃችኋል፣ መጠየቅም መብቱ ነው።

ክትትልና ቁጥጥር

አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። በተግባር ይሄ የሚሆነው በ6 ወርና በ9 ወር ሪፖርት፣ በመስክ ምልከታና በዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው።

ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ ዕቅዱን አውጡ። "አፈጻጸም 96 በመቶ" የሚል ነገር ታያላችሁ፣ የ96 በመቶው መነሻ ምንድነው፣ ዕቅዱ ራሱ በመሃል ዝቅ ተደርጓል ወይ፣ ያለፈው ዓመት ስንት ነበር? እኔ ስሠራ አንድ መሥሪያ ቤት 90 ገጽ ሪፖርት የስብሰባው ዋዜማ ማታ ይልክ ነበር፣ ማንም አንብቦ እንዳይመጣ። ሰብሳቢው አንድ ቀን ስብሰባውን ወደ ሌላ ቀን አዛወሩት፣ "አላነበብነውም፣ ሳናነብ አንጠይቅም" አሉ፣ ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ በጊዜ መምጣት ጀመረ።

የኦዲት ሪፖርት ስታነቡ ቃላቱን ለዩ። በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ተሰጥቶ ማስረጃው ቀርቦ ያልተዘጋ ገንዘብ)፣ ያለማስረጃ የተመዘገበ ወጪ፣ ከግዥ ሕግ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው ሌላ ነገር ናቸው፣ ሁሉንም ሌብነት ብሎ መጥራት ስህተት ነው፣ ሁሉንም የአሠራር ክፍተት ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ ያለፈው ዓመትም ይሄው ግኝት ነበር ወይ የሚለው ነው፣ ከነበረ ማን ምን እርምጃ ወሰደ።

መስክ ስትወጡ ቼክሊስቱን እናንተ አዘጋጁት፣ የሚጎበኘው ተቋም ባዘጋጀው ፕሮግራም ብቻ አትዙሩ። በአንድ ጤና ተቋም ሪፖርቱ ላይ "ተተክሎ አገልግሎት እየሰጠ ነው" የተባለ ማሽን ነበር፣ ሻይ ጠጥተን፣ ገለጻ ሰምተን ልንወጣ ስንል አንድ አባል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለ የተቆለፈ በር አየና "ይሄስ ምንድነው፣ ክፈቱልን" አለ። ቁልፉ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሲከፈት ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም፣ አቧራው ላይ ጣት ብታሳርፉ ይጽፍላችኋል። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ቀስ ብላ "መጥቶ የሚተክለው ባለሙያ ስላልተላከ ነው፣ እኛ ጽፈን ነበር" አለችን፣ የጻፉትንም ደብዳቤ አሳየችን። ስለዚህ ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤቱን፣ ነርሷን፣ ጥበቃውን አናግሩ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉበት።

መራጩ ጋ መመለስ

እረፍት ላይ ወደ ምርጫ ክልላችሁ ስትሄዱ የሚጠብቃችሁ ስለ አዋጅ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ውሃ ነው፣ መብራት ነው፣ መንገድ ነው፣ የታሰረ ልጅ ነው፣ የመሬት ካርታ ነው። አንድ አባት እጃችሁን ይዘው "ልጄ፣ አንተን የላክንህ ለዚህ ነበር" ሊሏችሁ ይችላሉ፣ እና እውነት አላቸው። እዛ ላይ "እሺ አባቴ፣ ይፈታል" ብሎ መሄድ ነው ትልቁ ስህተት።

ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ። አንዱ የፌዴራል ነው፣ ዋና ዋና መንገዶች፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቴሌ፣ ፓስፖርት፣ እነዚህን ቋሚ ኮሚቴ ላይም ሆነ በደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሁለተኛው የክልልና የወረዳ ነው፣ መሬት፣ የገጠር መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ እዚህ ላይ ሥልጣኑ የእናንተ ስላልሆነ ከክልል ምክር ቤት አባሉ ጋር አገናኙ፣ አብራችሁ ሂዱም። ሦስተኛው ፍርድ ቤት የያዘው ነው፣ እሱ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ፣ ዳኛ ጋ መደወል የለም። አስተዳደራዊ በደል የደረሰበትን ወደ እንባ ጠባቂ፣ መብቱ የተጣሰውን ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ላኩ፣ ሁለቱንም ያቋቋመው ይሄው ምክር ቤት ነው። ስትልኩ ግን ሂድ ብላችሁ ብቻ አትሸኙት፣ አቤቱታው በምን መልክ እንደሚጻፍ አሳዩት፣ የጻፈውን ኮፒ ያዙ።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የሰውየውን ስልክ፣ ቀኑን፣ የት እንደጻፋችሁ፣ ምን እንደተመለሰላችሁ መዝግቡ። መልሱ "አይቻልም" ቢሆንም ደውላችሁ ንገሩት፣ ሰው እምቢታን ይችላል፣ ዝምታን ነው የማይችለው። ሐምሌ ላይ ስትመለሱ ያን ደብተር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፣ አዳራሽ ባይገኝ ዛፍ ስር፣ ገጽ 1 ብላችሁ ታነባላችሁ፣ ይሄን ጠየቃችሁኝ፣ በዚህ ቀን ጻፍኩ፣ እንዲህ ተባልኩ፣ ይሄኛው አልተመለሰልኝም መስከረም ላይ እንደገና እጠይቃለሁ፣ ቀጥሎ ገጽ 2።